ዳማከሴ፣ እርድ እና የተቆጣ አንጎል

ዳማከሴ በመዳፍ ሲታሽ አረንጓዴ ውኃ ያወጣል፤ ሽታው አፍንጫን ሰንጥቆ ይገባል። ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ግቢያችን ጥግ ላይ እናቴ የተከለችው አንድ ቁጥቋጦ አለ። አንድ እሑድ ጎረቤታችን እትዬ ከቅዳሴ ተመልሰው እኛ በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጡ ሲኒው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ፤ አፋቸው ወደ ግራ ተጣመመ። «ፀሐይ ላይ ቆመው ምች መትቷቸው ነው» ተባለ። እናቴ ቅጠሉን ቀጥፋ አሸችና ግንባራቸውን ቀባቻቸው፣ እንዲያሸቱትም አደረገች። ትንሽ ይረፉ ብለንም አስተኛናቸው። በኋላ ሐኪም ቤት ስንደርስ ዶክተሯ ከሁሉ በፊት «ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው?» አለችን። ሰዓት ያየ ሰው አልነበረም።

ጥያቄዋ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስትሮክ ወይ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይ ሲፈነዳ ይመጣል። ትልቅ ደም ሥር ተዘግቶ ሳይከፈት በሚቆይበት እያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣ ስሌት ያሳያል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ፣ ሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱን ካረጋገጠ በኋላ፣ በመደበኛው አሠራር ምልክቱ ከጀመረ በኋላ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ይሰጣል። እኛ ያንን ጊዜ በዳማከሴ ሽታ ውስጥ አሳለፍነው።

ጉዳቱ ግን በደም መቋረጥ ብቻ አያበቃም፤ ከኋላው ብግነት ይከተላል። አንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ጠባቂ ሕዋሳት አሉ፤ ስሙን በ1919 ያወጣላቸው ስፔናዊው ሪዮ ኦርቴጋ ነው። በደህናው ቀን ቀጫጭን ክንዶቻቸውን ዘርግተው አካባቢያቸውን ሲዳስሱ ይውላሉ። ጎረቤት ሕዋስ ሲሞት ክንዳቸውን ሰብስበው ያብጣሉ፣ የጥሪ ኬሚካል ይረጫሉ። ጥሪውን የሰሙ ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር እየወጡ ይገባሉ፤ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ይላላል፣ ፈሳሽ ይሰርጋል፣ አንጎል ያብጣል። እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይበረታል። አስታማሚ «ትናንት እኮ ደህና ነበሩ» እያለ ግራ የሚጋባው ያኔ ነው።

ታዲያ ብግነቱን ለምን አናጠፋውም? ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። እነዚሁ ሕዋሳት የሞተውን ጠርገው ይበላሉ፣ ለጥገናውም መንገድ ይከፍታሉ። ውጤቱ በ2001 በታተመ ጥናት ኤንሊሞማብ የተባለ መድኃኒት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ አንጎል እንዳይገቡ እንዲያግድ ታስቦ በ625 ሕሙማን ላይ ተሞከረ። መድኃኒቱን ካገኙት መካከል የሞቱት ካላገኙት በለጡ።

ማጥፋት ካልሆነ ማብረድስ? እጽዋቱ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። የእርድ ቢጫነት ከኩርኩሚን ነው፤ ከሥሩ ተለይቶ የወጣው በ1815 ነበር። ጉንፋን ሲይዘን በጨርቅ ቋጥረን የምናሸተው ጥቁር አዝሙድም ታይሞኪኖን አለው። ስትሮክ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ሁለቱም የብግነቱን የጥሪ ኬሚካል ቀንሰዋል፤ የሞተው የአንጎል ክፍልም አንሷል። ነገር ግን አይጧ የምታገኘው የተለካ ንጹሕ ውህድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በመርፌ፣ ስትሮኩ ሊደርስ ሲል ወይም እንደ ደረሰ። ሰው ሁለት ግራም ኩርኩሚን ቢውጥ ደሙ ውስጥ የሚገኘው ከምንም አይቆጠርም። በ1998 የታተመ የሕንድ ጥናት 20 ሚሊግራም ፒፐሪን፣ ማለትም የቁንዶ በርበሬን ውህድ፣ ሲጨምርበት ወደ ደም የሚገባው 20 እጥፍ ሆነ። መልካም ዜና ይመስላል፤ ነገር ግን ፒፐሪን ጉበት የሌሎች መድኃኒቶችን መጠን የሚቆጣጠርበትንም መንገድ ይነካል። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እስካሁን ሩቅ ከሄዱት ውህዶች የአንዱ ሽታ ለሰፈራችን እንግዳ አይደለም። ሲመሽ ከመድኃኔዓለም ዙሪያ ጥብስ ቤቶች የሚወጣውን የጥብስ ቅጠል ሽታ አስቡት፤ በዘይቱ ውስጥ ካሉት ውህዶች አንዱ ቦርኔኦል ነው። ቻይናውያን የቦርኔኦልን አንድ ዓይነት ኤዳራቮን ከሚባል መድኃኒት ጋር ቀላቅለው በደም ሥር ሰጡ። ሕሙማኑ ስትሮክ ከጀመራቸው 48 ሰዓት ያላለፋቸው ነበሩ፤ ሕክምናው ለ14 ቀን ቆየ። በ2021 በታተመው ውጤት፣ ከ1,165 ሕሙማን መካከል ቅልቅሉን ያገኙት 67 ከመቶ፣ ኤዳራቮን ብቻ ያገኙት 59 ከመቶ በ90ኛው ቀን ያለ ጉልህ የአካል ጉዳት ተገኙ። ሁለቱም ወገኖች ኤዳራቮን ስላገኙ የቦርኔኦሉ ድርሻ ለብቻው ይታያል፤ ይህን ጥናት የወደድኩት ለዚህ ነው። የጥብስ ቅጠል መብላት ግን ይህን አይተካም፤ መጠኑም መንገዱም ሌላ ነው።

ሁሉም ግን የተሳካ አይደለም። ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲን ከአንድ የአበባ ተክል የተገኘ ብግነት አብራጅ ነው። በ2024 የታተመ ጥናት ቀለል ያለ ስትሮክ ወይም ቶሎ የሚያልፍ ምልክት ለገጠማቸው 8,343 ሰዎች መድኃኒቱን ወይም አምሳያውን ሰጥቶ በሦስት ወር ውስጥ አዲስ ስትሮክ እንዳይመጣ አለመርዳቱን አሳየ።

እኛም ከቅጠል ወደ ማስረጃ የሚወስደውን መንገድ እናውቀዋለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ቢልሃርዝያን በእንዶድ መከላከል ይቻላል የሚለውን ሐሳብ አነሡ። ዓይናቸው ያየውን ዓለም እንዲቀበለው የእንዶድን መርዛማነት መመርመርና ማስረጃ መሰብሰብ ብዙ ዓመት ፈጀባቸው፤ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ያገኙት በ1989 ነው። ዳማከሴም በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እጅ ገብቶ በአይጦች ላይ ትኩሳት ማብረዱ ታይቷል። ትኩሳት ማብረድና የተዘጋ የአንጎል ደም ሥር መክፈት ግን ለየቅል ናቸው።

እትዬ ዛሬ በከዘራ እየተደገፉ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ቀኝ እጃቸው ሲኒ ይይዛል፤ ሲኒውን ግን ግማሽ ድረስ ብቻ እንሞላላቸዋለን። ጠዋት ጠዋት የደም ግፊትና የደም ማቅጠኛ ክኒን ይውጣሉ፤ ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸውን እርድና ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለበት ዱቄትም በማንኪያ ይጨምሩበት ነበር። ባለፈው ቀጠሮ ዕቃውን በፌስታል ቋጥረን ለዶክተሯ ወሰድንላት። ገለባብጣ አየችው፤ አልጫ ውስጥ የሚገባውን እርድ ፈቀደች፣ በማንኪያ የሚዋጠውን ከለከለች። ከዚያ ካርዳቸውን ስባ፣ ከክኒኖቹ ስም ሥር «እርድ» ብላ ጻፈች።