የዘይት ፊልትሮ ሲዘጋ

በየጥኖራ፣ በብቸናና በሞጣ ዙሪያ ናፍጣ ያልነካው ሥራ ጥቂት ነው። ጤፉን ዓባይን አሻግሮ አዲስ አበባ የሚያደርሰው አይሱዙ፣ ማሳ የሚያርሰው ትራክተር፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ እህል የሚፈጨው የወፍጮ ሞተር፣ ሁሉም የናፍጣ ነው። ሰው ስለ ሞተር ሲያወራ ጉልበቱን፣ የነዳጁን ፍጆታ፣ የፖምፓውን ነገር ያነሳል። ጎኑ ላይ የተጠመደችውን የዘይት ፊልትሮ ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። በእኔ እምነት ከሞተር ዕቃዎች ሁሉ የሥራዋን ያህል ያልተከበረችው እሷ ናት።

አሠራሯ ቀላል ነው። የዘይት ፖምፓው ዘይቱን ከሞተሩ ሥር ካለው ኮፓ ይስባል፤ በፊልትሮዋ እጥፍጥፍ ወረቀት ያሳልፈዋል፤ የተጣራው ዘይት ኮሎው የሚሽከረከርባቸውን ብሮንዚኖች፣ ቱርቦውንና ቫልቮላዎቹን አርሶ ተመልሶ ይወርዳል። ስዊትላንድና ግሪንሃልግ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1923 ለመኪና የሚሆን የዘይት ፊልትሮ ይዘው ብቅ እስኪሉ ድረስ የመኪና ዘይት ቶሎ ቶሎ ይደፋ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሹፌሩም ከወፍጮ ባለቤቱም ደጋግሜ የምሰማው አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፦ ፊልትሮ ከተዘጋ ዘይት ይቆማል፣ ዘይት ከቆመ የዘይት መብራቱ ይበራል፣ መብራቱ ካልበራ ፊልትሮው ደህና ነው። ብቸና አንድ ጋራዥ ውስጥ ሸምገል ያሉ የአይሱዙ ባለቤት ከወጣቱ መካኒክ ጋር በዚሁ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። «ልጄ፣ ዘይቱን ቀይርልኝ፤ ፊልትሮው ይቆይ። ቢዘጋማ መብራቱ ይነግረኝ ነበር» አሉት። «ጋሼ፣ መብራቱ የሚያውቀው ግፊቱን ነው፤ ዘይቱ ይቆሽሽ አይቆሽሽ ምኑን አውቆ ይነግርዎታል?» አላቸው። ልጁ ትክክል ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፊልትሮዋ ውስጥ፣ በአንዳንድ ሞተር ደግሞ እሷ በምትጠመድበት መቀመጫ ላይ፣ በሞላ የተያዘች ትንሽ ማለፊያ ቫልቮላ አለች። ወረቀቱ በቆሻሻ ሲጠቀጠቅ ከወረቀቱ ወዲህና ወዲያ ያለው የግፊት ልዩነት ያድጋል። ልዩነቱ 1 ባር ገደማ ሲደርስ፣ ቁጥሩ እንደ ሞተሩ ይለያያል፣ ሞላው ይሸነፍና ቫልቮላዋ ትከፈታለች። ከዚያ ወዲያ ዘይቱ በወረቀቱ ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ይሄዳል። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት አውቀው ነው፤ ብሮንዚን ዘይት ጨርሶ ካጣ ወዲያው ይቃጠላል፣ ቆሻሻ ዘይት ካገኘ ግን ቀስ እያለ ነው የሚበላው። ስለዚህ ሞተሩ ይነሳል፣ ይጎትታል፣ መብራቱም አይበራም፤ የሚዞረው ግን ያልተጣራ ዘይት ነው። አዲስ ዘይት አስሞልቶ አሮጌዋን ፊልትሮ የተወ ሰው ውድ ዘይቱን በዚያው አቋራጭ ሰደደው ማለት ነው፤ ጣሳዋ ውስጥ የቀረው ጥቁር ዘይትም ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል።

ቫልቮላዋ ዘይት ሲወፍርም ትከፈታለች። የሞጣ ጠዋት ይበርዳል፤ የቀዘቀዘ ዘይት በወረቀት ውስጥ በቀላሉ አያልፍም። ሞተር አስነስተው ወዲያው ነዳጅ የሚረግጡ ሹፌሮች ይህን ልብ ቢሉ ጥቂት በታገሱ ነበር።

በአቋራጩ ከሚያልፈው ሁሉ የከፋው አቧራ ነው። በተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሾልኮ የሚገባው የመንገድ አቧራ ኳርትዝ አለበት፤ ኳርትዝ ደግሞ ከብሮንዚን እጅግ ይጠነክራል፣ ኮሎንም ይቧጭራል። ሞተሩ ሲሸከም በኮሎውና በብሮንዚኑ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር እንኳ 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ዓይን የማያያት ቅንጣት ታዲያ ሽፋኑን ሞልታ ሁለቱንም ብረት ትፍቃለች። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ የሚወጣ አይሱዙ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ሽፋኑም ይሳሳል፤ የተዘለለችው ፊልትሮ ዕዳዋን የምታስከፍለው እዚያ ነው። ባለቤቱ የሚነቃው ሞተሩ ከሥር ማንኳኳት ሲጀምር ነው። ከዚያ ሞተር ማውረድ፣ ኮሎ ማስላጥ፣ ብሮንዚን መቀየር ይከተላል፤ ወጪው በስንት ፊልትሮ እንደሚመነዘር ጋራዥ ደርሶ ያየ ያውቀዋል።

ዘይት ጠቆረ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ የናፍጣ ጥላሸት አዲስ ዘይትን ወዲያው ያጠቁራል። ዘይቱ ውስጥ ያለው ቅመም ጥላሸቱን በትኖ እስከያዘው ድረስ ቅንጣቶቹ በወረቀቱ ያልፋሉ። ቅመሙ ሲያልቅ ግን ይጓጉሉና ወረቀቱን ይደፍኑታል።

አሮጌዋን ፊልትሮ በናፍጣ አጥበው፣ በኮምፕሬሰር ነፍተው የሚመልሷት አሉ። እባካችሁ ተዉ። ወረቀቱ ውስጥ የተቀረቀረ ቅንጣት ታጥቦ አይወጣም፤ የአየሩ ግፊት ወረቀቱን ይቀደዋል። ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኮፓው እንዳይመለስ የምትይዘው ላስቲክም አርጅታ ስለምትደርቅ፣ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ለጥቂት ሰከንድ ያለ ዘይት ይዞራል። ከማጠብ ይልቅ ጣሳውን ቆርጦ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ መዘርጋት ይጠቅማል፤ የመዳብ ወይም የእርሳስ ብልጭታ ከታየበት ብሮንዚኑ መበላት ጀምሯል። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ያገኘ ሰው አይልቀቀው።

ሲገጠምም አሮጌው የጎማ ቀለበት መቀመጫው ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ማየት ነው፤ ሁለት ቀለበት ከተደራረበ ሞተሩ ዘይቱን መንገድ ላይ ይተፋዋል። አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብቶ በእጅ ማጥበቅ ይበቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የወፍጮ ሞተር ነው። ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ የመቀየሪያው ጊዜም ይረሳል። ፊልትሮ ያላቸው ብዙ ሞተሮች መመሪያቸው በየ250 የሥራ ሰዓት ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር ይላል። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን የሚፈጭ ወፍጮ 208 ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ 250 ሰዓት የሚሞላው በአምስት ሳምንት ገደማ ነው። ዱቄቱ በሚቦንበት ጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ መቀየር ይሻላል። የተቀየረበትን ቀን ጣሳዋ ላይ በማርከር መጻፍ፣ ጽሑፉ በዘይት እንዳይጠፋ ደግሞ ግድግዳው ላይ መድገም ነው።