ማግኔት ያነቃው ቁስ

ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲጓዝ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሱፐርኮንዳክተር የሚባሉ ቁሶች ግን በጣም ሲቀዘቅዙ ያለምንም ብክነት ያሳልፉታል። ችግራቸው ማግኔት አለመውደዳቸው ነው፤ ኃይለኛ ከሆነባቸው ይህን ችሎታ ያጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2001 የጃፓን ተመራማሪዎች የዚህን ተቃራኒ አሳዩን። ቁሱ የካርቦን ሞለኪውሎችና ብረት ያዘሉ ንብርብሮች እንደ እንጀራ የተነባበሩበት ክሪስታል ነው። ማግኔት ሳይኖር፣ በዚያ ቅዝቃዜ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በንብርብሮቹ አቅጣጫ ከ17 ቴስላ በላይ ሲሰጡት ግን ሱፐርኮንዳክተር ሆኖ ቁጭ አለ! የሆስፒታል ኤምአርአይ እኮ በአብዛኛው 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው።

እንዴት ሆነ? የብረቱ አተሞች ራሳቸው ትንንሽ ማግኔቶች ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቹን ከውስጥ ይረብሻሉ። የውጭው ማግኔት በተቃራኒው ሲመጣ ሁለቱ ይካካሳሉ። እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች ሁሌ «የተጣራው ስንት ነው?» እንላለን። እዚህም የተጣራው ወደ ዜሮ ሲጠጋ መንገዱ ተከፈተ።

ወጪው ግን አይቀመስም፦ ከዜሮ በታች ወደ 270 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የመብራት ሂሳባችንን አይቀንስልንም። ቢሆንም «ማግኔት ካለበት አይሆንም» ብሎ ቁሱን የጣለ ሰው ይህን በፍጹም አያገኘውም ነበር።