የጤና መረጃ ሥርዓት ንድፍ፦ አንድ ጊዜ መዝግቦ ደጋግሞ መጠቀም

መግቢያ

የመረጃ ሥርዓት ንድፍ ወይም አርክቴክቸር ሲባል ኮምፒዩተር መግዛትና መስመር መዘርጋት ማለት ብቻ አይደለም። በአንድ ተቋም ውስጥ የትኛው መረጃ፣ በማን፣ የትና መቼ እንደሚመዘገብ፣ ለማን እንደሚተላለፍና ለየትኛው ውሳኔ እንደሚውል የሚደነግግ የጋራ ስምምነት ነው። ጽንሰ ሐሳቡ በሰፊው እንዲታወቅ ካደረጉት መካከል አሜሪካዊው ጆን ዛክማን እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጽሑፍ ይጠቀሳል። ጉዳዩ ለጤና ባለሙያም ቅርብ ነው፤ ንድፍ የጎደለው ሥርዓት ለሕመምተኛ ሊውል የሚገባውን ጊዜ ይሻማልና።

የችግሩ ምንጭ

በሰሜን ሸዋ ዞን ግሼ ወረዳ፣ ራቤልን በመሰለ ከተማ በሚገኝ ጤና ጣቢያ አንድ የወባ ሕመምተኛ ታከመ እንበል። ሕመምተኛው በካርዱና በተመላላሽ ሕክምና መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያም በሳምንታዊው የበሽታዎች ቅኝት ሪፖርትና በወርኃዊው የአገልግሎት ሪፖርት ውስጥ ይቆጠራል፤ የወሰደውም መድኃኒት በየሁለት ወሩ በሚላከው የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይካተታል። ሦስቱም ለየብቻ ከተቆጠሩ ሦስት የማይገጣጠሙ አኃዞች ደብረ ብርሃን፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይደርሳሉ። የሳምንቱ ቁጥር ካነሰ ወረርሽኝ ዘግይቶ ይታወቃል፤ የመድኃኒቱ ስሌት ከተዛባ ደግሞ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል።

የአገራችን ተሞክሮ

በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና መረጃ ሥርዓት ማሻሻያ መረጃን ወጥ ማድረግን፣ ማቀናጀትንና ማቅለልን መርሆው አድርጎ ተነሣ። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም «የመረጃ አብዮት»ን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አደረገው። በ2010 ዓ.ም. ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመነጨው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መተካት ጀመረ።

ጥሩ ንድፍ ያለው ሥርዓት ፕሮግራሙ ቢቀየርም አይናጋም። የመረጃው ትርጉምና የሪፖርቱ መንገድ በአንድ ሶፍትዌር ላይ ብቻ ካልተንጠለጠሉ ሶፍትዌሩን መለወጥ ሥራውን እንደ አዲስ መጀመር አይሆንም። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የኮቪድ-19 መከታተያን በአጭር ጊዜ ያዘጋጀችው ቀድሞ በምትሠራበት በዚሁ ሶፍትዌር ላይ ነበር።

የንድፉ ምሰሶዎች

1. የተቋማት መለያ፦ እያንዳንዱ ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በሁሉም ሥርዓቶች ውስጥ አንድ ስምና አንድ መለያ ይኑረው።

2. የጋራ ትርጉም፦ «አዲስ ሕመምተኛ» ወይም «ክትትል ያቋረጠ» ሲባል በየክፍሉ አንድ ነገር ማለት ይሁን። የብሔራዊ የጤና መረጃ መዝገበ ቃላት ዓላማ ይኸው ነው።

3. የመረጃ ልውውጥ፦ የሕክምና ካርድ፣ የመድኃኒትና የሪፖርት ሥርዓቶች ሰው በመካከል ሳይገለብጥ ይነጋገሩ።

4. ኔትወርክ ሲቋረጥ መሥራት፦ መብራትና ኔትወርክ በማይታመንበት ደጋ፣ መረጃው በቦታው ተቀምጦ መስመር ሲገኝ የሚተላለፍበት መንገድ ያስፈልጋል። እስከዚያው የወረቀት መዝገቡ ዋነኛ ምንጭ ሆኖ ይቆያል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ከላይ የተዘረጋ ንድፍ የሚጸናው ከታች በሚጻፈው መዝገብ ነው። የሪፖርት ወር በ21 ተጀምሮ በ20 ስለሚዘጋ፣ ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት 12 የመረጃ ዓይነቶችን በዕጣ መርጦ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከርና ስንቱ እንደሚገጥም ማየት ይገባል። ልዩነት ሲገኝ ምክንያቱን ፈልጎ ማረም እንጂ ቁጥሩን ማስተካከል ብቻ መፍትሔ አይሆንም። አዲስ ቅጽ ሲመጣም «ይህ መረጃ አስቀድሞ የት ተመዝግቧል?» ብሎ መጠየቅና ድግግሞሹን ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

ቅልጥፍና የሚገኘው መረጃን አንድ ጊዜ በትክክል በመመዝገብ ነው፤ ከለውጥ ጋር መራመድ የሚቻለውም ትርጉሙንና መለያውን የጋራ በማድረግ ነው። ሁለቱ ሲሟሉ ባለሙያው ከቆጠራ ተላቅቆ ወደ ሕመምተኛው ይመለሳል።