ቃለ ጉባኤው በተማሪ እጅ ሲጻፍ

ሮታሪ ክለብ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን የፖሊዮ ክትባት ነው። ቢታሰበንም አይገርምም፤ ክለቡ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ይህን በሽታ ከምድር ለማጥፋት ገንዘቡንም ጉልበቱንም ሳይሰስት ሰጥቷል። የሲያትሉ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ዕዝራ ተሾመ አሜሪካውያን አባላትን እየመራ ሕፃናትን ቤት ለቤት ለማስከተብ ለዓመታት ወደ አገር ቤት ተመላልሷል። እኔ ዛሬ ማስተዋወቅ የፈለግሁት ግን እምብዛም ያልተነገረለትን፣ ከወጣቶች ጋር የሚሠራውን ሥራ ነው።

ክለቡን የመሠረተው ፖል ሃሪስ የተባለ የቺካጎ ጠበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1905 ከአንድ የማዕድን መሐንዲስ፣ ከአንድ የድንጋይ ከሰል ነጋዴና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ተገናኘ። ስብሰባው እንደ እኛ ማኅበር ተራ እየጠበቀ ከአንዱ አባል ቢሮ ወደ ሌላው ይዞር ስለነበር፣ ስሙም ከዚያው ወጣ። ዛሬ ከ200 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ውስጥ ይገኛል። ሴቶች በሙሉ መብት በሩ የተከፈተላቸው እ.ኤ.አ. በ1989 መሆኑ ግን በታሪኩ ውስጥ የሚያሳዝን መዘግየት ነው።

ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉት ኢንተራክት የሚባል ክለብ አለ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1962 በፍሎሪዳ ግዛት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ተማሪ ናት፤ የመዋጮውን ሂሳብ የሚያስረዳውም ተማሪ ነው። የሚደግፋቸው የሮታሪ ክለብ አባላትና መምህራኑ አጠገባቸው ሆነው ይመክራሉ እንጂ አይወስኑላቸውም። በዓመት ቢያንስ ሁለት ሥራ ይጠበቅባቸዋል፤ አንዱ ለትምህርት ቤታቸው ወይም ለአካባቢያቸው የሚጠቅም፣ ሌላው ከሌላ አገር ሕዝብ ጋር የሚያቀራርባቸው።

ለእኔ የክለቡ ትልቁ ስጦታ ይኸው ነው። የተሰበረው ቧንቧ ይጠገን ወይስ ቤተ መጻሕፍቱ ይሟላ ብሎ ሲከራከር የቆየ ልጅ፣ በድምፅ ብልጫ ከተሸነፈ በኋላ ያንኑ የተመረጠውን ሥራ እጅጌውን ሰብስቦ አብሮ ሲሠራ ብዙ ይማራል። ይህንን በንግግር አስተምሮ የሚዘልቅ የለም። እኛ ለልጆቻችን ደብተርና ጫማ መግዛት እናውቅበታለን፤ ኃላፊነት አሳልፎ መስጠት ላይ ግን እጃችን ያጥራል።

ራይላ የሚባለው የወጣቶች የአመራር ሥልጠና አጀማመሩ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1959 የእንግሊዟ ልዕልት አሌክሳንድራ ለአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ የመቶኛ ዓመት በዓል ስትመጣ፣ እኩዮቿ የሆኑ ወጣቶች ከግዛቱ ተጠርተው አብረው ሰነበቱ። የሮታሪ ሰዎች ወጣቶቹን አይተው፣ እንዲህ ያለውን ስብስብ ለአንድ እንግዳ ብቻ አድርጎ መበተን አልሆነላቸውምና በየዓመቱ ይሁን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 የመላው ሮታሪ ፕሮግራም ሆነ። ዛሬ ሠልጣኞቹ ለጥቂት ቀናት ተሰባስበው በሰው ፊት መናገርን፣ ችግር መፍታትንና አብሮ መሥራትን ይለማመዳሉ።

ሌላም አለ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሌላ አገር ቤተሰብ ዘንድ ተቀምጠው እስከ አንድ ዓመት የሚማሩበት የልውውጥ ፕሮግራም አንዱ ነው። ፖል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲያርፍ ለመታሰቢያው ከተዋጣው ገንዘብ የውጭ አገር ትምህርት ዕድል ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች 18 ተማሪዎች ነበሩ።

ከ18 ዓመት በላይ የሆኑት ደግሞ ሮታራክት ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 በሰሜን ካሮላይናዋ ሻርሎት የተጀመረ ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን ዕድሜው 30 የሞላ አባል ይሰናበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ ገደብ ተነሣ። ሮታራክት ራሱም የሮታሪ ጥገኛ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሙሉ አባል ክለብ ይታያል፤ ስለዚህ ትናንት በኢንተራክት ቃለ ጉባኤ ትይዝ የነበረች ልጅ፣ ዛሬ በሮታራክት ክለቧ በኩል በቀድሞ ትምህርት ቤቷ አዲስ ኢንተራክት አቋቁማ መደገፍ ትችላለች።