ያገለገለ ላፕቶፕ ገበያ፦ ምስሉ ተቀደደ ማለት ስክሪኑ ተበላሸ ማለት አይደለም

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛና ሲሸጥ ዋጋ ከሚያስጥሉ ነገሮች አንዱ ገዢው ማሽኑን ሲሞክር በስክሪኑ ላይ የሚያየው አግድም መስመር ነው። ቪዲዮ ሲከፈት ወይም አንድ ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች በፍጥነት ሲንቀሳቀስ የምስሉ የላይኛው ክፍል ከታችኛው ጋር ሳይገጥም ይቀርና፣ ተቀዶ የተጣበቀ ወረቀት መስሎ ለቅጽበት ይታያል። ገዢው ይህን ሲያይ ስክሪኑን ይጠረጥራል። ደላላው ዋጋ ያስቀንሳል። ሻጩም መከራከሪያ ስለሚያጣ በቀረበለት ዋጋ ይስማማል፤ አለዚያም ስክሪን ለማስቀየር ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል።

በዚህ ዓይነት ድርድር ከሦስቱም ወገን የሚጎድለው አንድ ዕውቀት ነው። ይኸውም መስመሩ የሚታየው ምስሉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ከሆነ ጉድለቱ የዕቃው ሳይሆን የፕሮግራሙ አሠራር የመሆኑ ነገር ነው። ማስተካከያው መለዋወጫ አይጠይቅም፤ ፈቃድ የሚገዛለት ፕሮግራምም የለውም። የሚጠይቀው የጥቂት ደቂቃ ሥራና የት እንደሚነካ ማወቅ ብቻ ነው።

ጉዳዩ አሁን ለምን አሳሳቢ ሆነ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለተመዘገቡ ተጠቃሚዎች ከሚሰጥ የተራዘመ የደህንነት እድሳት በስተቀር ሲስተሙ ከዚያ ወዲህ አይታደስም። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል የሚጠይቅ ሲሆን፣ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም። በመሆኑም ከ2ኛው እስከ 7ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው፣ አካላቸው ገና ጠንካራ የሆነ በርካታ የሌኖቮ፣ የዴልና የኤችፒ ላፕቶፖች በይፋ ከመንገዱ ውጪ ተደርገዋል።

በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍ ብሏል። አዲስ ላፕቶፕ ለብዙ ተማሪና ለአነስተኛ ነጋዴ ከአቅም በላይ በሆነበት ጊዜ በእጅ ያለውን ማሽን ማቆየት የሚያዋጣ ሥራ ሆኗል።

ለዚህ የሚያገለግለው ተመራጭ መንገድ ነፃ የሆነው ሊኑክስ ነው። ከሊኑክስ ቤተሰብ ውስጥም ለአሮጌ ማሽን የሚመቸው ቀላሉ የዴስክቶፕ ገጽታ ኤክስኤፍሲኢ ነው። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1996 በኦሊቪየ ፉርዳን የተጀመረ ሲሆን፣ ሊኑክስ ሚንት፣ ዙቡንቱና ኤምኤክስ ሊኑክስ ይጠቀሙበታል። ሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋባይት ሚሞሪና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ካገኘ ይጫናል፤ እንዲመች የሚመከረው ግን 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ነው። ችግሩ የሚመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በዊንዶውስ ሳለ ስክሪኑ ምንም ያልታየበት ማሽን ኤክስኤፍሲኢ ከተጫነበት በኋላ ምስሉ መቀደድ ሊጀምር ይችላል። ሻጩም ማሽኑን በገዛ እጁ ያበላሸ ይመስለዋል።

የመስመሩ ምንጭ

የተለመደ የላፕቶፕ ስክሪን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ይለውጣል። አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው ማለት ነው። ስክሪኑ እያንዳንዱን ምስል የሚያወጣው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከላይኛው ረድፍ ጀምሮ ወደ ታች በተራ ነው። ወደ ታች ደርሶ እንደገና ወደ ላይ ከመመለሱ በፊትም እጅግ አጭር እረፍት አለው።

የግራፊክሱ ክፍል አዲስ ምስል ማቀበል የሚገባው በዚያች እረፍት ነው። እረፍቷን ሳይጠብቅ በመሃል ካቀበለ፣ ለምሳሌ 768 ረድፍ ያለው ስክሪን 400ኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ምስሉ ከተለወጠ፣ ከዚያ በላይ ያለው የአሮጌው ምስል፣ ከዚያ በታች ያለው የአዲሱ ይሆናል። ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ያ መስመር ነው። የቆመ ምስል ላይ ግን አሮጌውና አዲሱ አንድ ስለሆኑ ምንም አይታይም።

ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ የዴስክቶፑን ምስል አቀናብሮ፣ እረፍቷን ጠብቆ የሚያቀብለውን ክፍል ሁልጊዜ ክፍት ያደርገዋል። ሊኑክስ ለረጅም ጊዜ የተመሠረተበት ኤክስ11 የተባለው የመስኮት ሥርዓት ግን እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሲሆን፣ ሲነደፍ እንዲህ ያለውን ዋስትና አላካተተም። ኃላፊነቱ የወደቀው በላዩ በሚሠሩት ፕሮግራሞች ላይ ነው። ኤክስኤፍሲኢ በዚህ ረገድ ተጨባጭ መሻሻል ያሳየው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 በወጣው 4.14 እትም ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው 4.12 የወጣው በፌብሩዋሪ 2015 ነበር። ስለዚህ የተጫነው እትም 4.12 ከሆነ ማስተካከያ ከመፈለግ በፊት አዲስ እትም መጫን ይቀድማል።

የዕቃ ነው ወይስ የፕሮግራም?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ዋጋ ከመነጋገር በፊት የጉድለቱን ምንጭ መለየት ያሻል። ለዚህ ሙያተኛ አያስፈልግም፤ አራት ቀላል ሙከራዎች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ ምስሉን አቁሞ ማየት ነው። መስኮቱ ሳይንቀሳቀስ መስመሩ ከጠፋ ጉዳዩ የፕሮግራም ነው። ምስሉ ቆሞም መስመሩ በዚያው ቦታ ካለ ስክሪኑ ወይም ገመዱ ታሟል።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ሲበራ ወደ ባዮስ መግባት ነው። ባዮስ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በፊት ያለ ክፍል ስለሆነ፣ መስመሩ እዚያም ከታየ ሊኑክስን መውቀስ አይቻልም።

ሦስተኛ፣ የስክሪኑን ክዳን ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ነው። ክዳኑ ሲነካ ምስሉ የሚርገበገብ ወይም መስመሩ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ጥርጣሬው በማጠፊያው በኩል በሚያልፈው ገመድ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ሌላ ሞኒተር ማገናኘት ነው። መቀደዱ በውጪኛው ሞኒተር ላይም ከታየ የላፕቶፑ ስክሪን ነፃ ነው። በውጪኛው ጥሩ ሆኖ በላፕቶፑ ብቻ ከታየ ግን ገዢው የመጠራጠር መብት አለው።

የስክሪኑን ፎቶ በኮምፒውተሩ በራሱ አንስቶ ለገዢ መላክ ግን ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ ያለው ፎቶ የሚነሣው ምስሉ ወደ ስክሪኑ ከመድረሱ በፊት ስለሆነ፣ የተቀደደውም ሆነ የተበላሸው ስክሪን በፎቶው ላይ ንጹህ መስሎ ይታያል።

ማስተካከያው በቅደም ተከተል

የመጀመሪያው እርምጃ ምስል አቀናባሪው መከፈቱን ማረጋገጥ ነው። በኤክስኤፍሲኢ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዊንዶው ማኔጀር ትዊክስ» የሚለው ይከፈታል፤ በመጨረሻው «ኮምፖዚተር» በሚለው ገጽ ላይ ያለው የመጀመሪያ ሳጥን ምልክት ሊኖርበት ይገባል። ፍጥነት ለማግኘት ሲባል ይህን የሚዘጉ ጫኚዎች አሉ። ያተረፉት ፍጥነት ጥቂት ሆኖ ሳለ የማሽኑን መልክ ያጠፉበታል።

ይህ በቂ ካልሆነ «ሴቲንግስ ኤዲተር» ተከፍቶ፣ የመስኮት አስተዳዳሪው በሆነው «ኤክስኤፍደብሊውኤም4» ክፍል ውስጥ «ቪብላንክ ሞድ» የሚለው ይፈለጋል። ሲጫን «አውቶ» ሆኖ የሚመጣው ይህ ምርጫ ወደ «ጂኤልኤክስ» ይለወጣል፤ ካልሠራ ወደ «ኤክስፕረዘንት»። ለውጡ ሥራ ላይ የሚውለው ከሲስተሙ ወጥቶ እንደገና ሲገባ ነው። አንዱ በአንዱ ማሽን ላይ ሲሠራ በሌላው ላይ ላይሠራ ስለሚችል ሁለቱንም መሞከር ግድ ነው።

ሦስተኛው ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ መውረድ ነው። በኢንቴል የራሱ ድራይቨር፣ እንዲሁም በኤኤምዲ ድራይቨሮች ውስጥ «ቴርፍሪ» የተባለ ምርጫ አለ። የሚከፈተውም በአስተዳዳሪ ፈቃድ በሚጻፍ አጭር የማዋቀሪያ ፋይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው 2ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ የተሠሩት እንደ ቲንክፓድ ኤክስ220 እና ቲ420 ያሉ ማሽኖች ከዚህ ምርጫ ይጠቀማሉ። ቴርፍሪ ከተከፈተ በኋላ «ቪብላንክ ሞድ» ወደ «ኦፍ» ቢመለስ ይሻላል፤ አለዚያ ሁለት ጠባቂዎች ለአንድ በር ይቆማሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፋይሉ ውስጥ የተሳሳተ ቃል ከተጻፈ፣ ወይም የተጠቀሰው ድራይቨር በማሽኑ ላይ ካልተጫነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ ሲበራ ዴስክቶፑ ላይመጣ ይችላል። ሆኖም የጠፋ ነገር የለም። በጽሑፍ ብቻ በሚሠራው ገጽ ገብቶ ያንን አንድ ፋይል መሰረዝ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ሳይመዘግብ ማሽን የሚያስረክብ ጫኚ ግን ለደንበኛው ዕዳ ትቶለት ይሄዳል።

አራተኛው አማራጭ የኤክስኤፍሲኢን አቀናባሪ ዘግቶ «ፒኮም» የተባለውን ነፃ አቀናባሪ መተካት ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማሠራት ግን ችግሩን ያባብሳል።

ማስተካከያው የራሱ ወጪ አለው፤ ነገር ግን ትንሽ ነው። ለመጠባበቂያ የሚያዝ አንድ ተጨማሪ ምስል 1366 በ768 በሆነ ስክሪን ላይ 4.2 ሚሊዮን ባይት ያህል ይወስዳል። ይህም 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ካለው ማሽን ከ1,000 አንድ እጅ ገደማ ነው። ምስሉም እስከ አንድ ዙር፣ ማለትም እስከ 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ሊዘገይ ይችላል። ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ ሥራና ለቪዲዮ ይህ የሚሰማ አይደለም፤ የሚሰማው ፈጣን ጨዋታ ለሚጫወት ብቻ ነው።

ተጨማሪ ካርድ ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም

በገበያው ውስጥ የተለመደው አስተሳሰብ የኢንቪዲያ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከሌለው ይበልጣል የሚል ነው። ለአሮጌ ማሽን ግን ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል። ኢንቪዲያ ለቆዩ ካርዶቹ ያዘጋጀውን 340 የተባለውን ድራይቨር ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ፣ 390 የተባለውን ደግሞ በ2022 መጨረሻ አቁሟል። በእነዚህ ላይ የሚደገፉ ካርዶች በአዲስ ሊኑክስ ላይ የሚተማመኑት በነፃው «ኑቮ» ድራይቨር ነው። ድራይቨሩ ገና ድጋፍ ላለው ካርድ ግን በኢንቪዲያ የማዋቀሪያ ገጽ «ፎርስ ፉል ኮምፖዚሽን ፓይፕላይን» የሚለውን መክፈት መቀደዱን ያስቀራል።

ስለዚህ አስመጪው ሊኑክስ ጭኖ ለመሸጥ የሚገዛ ከሆነ፣ የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ያለው ተራ የቢሮ ላፕቶፕ በርካሽ ተገዝቶ ያለ ጣጣ የሚሸጥ ዕቃ ነው። የቆየ ኢንቪዲያ ያለው ግን በውድ ተገዝቶ ብዙ ሰዓት የሚበላ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡ

ለስሌት ያህል አንድ ቸርቻሪ 15 ላፕቶፖች ይዞ፣ በምስል መቀደድ ምክንያት በእያንዳንዱ ላይ 2,000 ብር ቢቀንስ የሚያጣው 30,000 ብር ነው። ለአንዱ ማስተካከያ 20 ደቂቃ ቢወስድ ለ15ቱ የሚያስፈልገው 5 ሰዓት ነው። ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ በአንዱ የተገኘው መፍትሔ ለቀሩት ስለሚያገለግል ጊዜው ያጥራል። ስክሪን ማስቀየር ከተመረጠ ግን ወጪው ከተቀነሰው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን አዲሱ ስክሪን ከተገጠመ በኋላም መስመሩ እዚያው መገኘቱ ነው።

ለገዢም ቢሆን ዕውቀቱ ገንዘብ ነው። በአራቱ ሙከራዎች ጉድለቱ የፕሮግራም መሆኑን ያረጋገጠ ሰው፣ ሌላው የሸሸውን ማሽን በቅናሽ ገዝቶ በአንድ ምሽት ያስተካክለዋል። ይህ የሚሆነው ግን ሻጩ እስካላወቀ ድረስ ነው።

ኤክስኤፍሲኢ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ባወጣው 4.20 እትም ኤክስ11ን ለመተካት ለተነደፈው ዌይላንድ የሙከራ ድጋፍ መስጠት ጀምሯል። ዌይላንድ ከመነሻው ያልተሟላ ምስል ስክሪን ላይ እንዳይወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ድጋፉ ግን ገና በሙከራ ደረጃ የወጣ እንደመሆኑ፣ ለሽያጭ በሚቀርብ ማሽን ላይ አስተማማኙ መንገድ ከላይ የተዘረዘረው ነው።

እስከዚያው ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ለሽያጭ የሚቀርብ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የሚጭን ነጋዴ ማሽኑን ለገዢ ከማሳየቱ በፊት አንድ ቪዲዮ ከፍቶ፣ አንድ መስኮት ወደ ግራና ቀኝ በፍጥነት ጎትቶ ይመልከት። መስመር ካየም ከዋጋው ላይ ብር ከመቁረጡ በፊት «ኮምፖዚተር» የሚለውን ገጽ ይክፈት።