በጅማና በአካባቢዋ ባሉ የቡና ከተሞች ድምፅ ቀድቶ በሳምፕለር ሙዚቃ ስለ መሥራት

ሳምፕለር የሚባለው መሣሪያ የራሱ የሆነ ድምፅ የለውም። ክራር ክር አለው፤ ከበሮም ቆዳ አለው፤ ሳምፕለር ግን ያልሰጡትን አያሰማም። ከውጭ የመጣለትን ማናቸውንም ድምፅ ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ጣት በጎማው መምቻ ላይ ባረፈ ቁጥርም ያንኑ ድምፅ ይመልሳል፤ ሲያዙትም አቅጥኖ ወይም አወፍሮ፣ አሳጥሮ ወይም እየደጋገመ ያሰማል። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ ለመሥራት የሚያስብ ሰው የትኛውን ቁልፍ ልጫን ከማለቱ በፊት ምን ላስገባበት ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ጅማን፣ አጋሮን፣ ሊሙ ገነትንና እነዚህን የመሳሰሉትን የቡና ከተሞች ምክንያት አድርገን፣ ሥራው በምን ቅደም ተከተል ቢከናወን እንደሚሻል ለጓደኞቻችን ተማሪዎች ለማስረዳት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅማን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለዱት በዚችው ከተማ ነው። «የግሌ ትዝታ» የተባለው ሥራቸው ናስና ዳሚያን ማርሊ በ2010 ላወጡት «አዝ ዊ ኤንተር» ለተባለው ዘፈን መሠረት ሆኗል። ከዚያ በፊት በ2009 ኦ ኖ የተባለው አሜሪካዊ የድሮ የኢትዮጵያ ሸክላዎችን እየቆራረጠ አንድ ሙሉ አልበም ሠርቶ «ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም» ብሎ ሰይሞታል። በአገር ቤትም ሚካኤል ሰይፉ በ2016 ያወጣውን «ዘላለም» የሰማ ሰው ባህላዊው ድምፅና የኤሌክትሮኒክ መሣሪያው አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ይረዳል። በቡናው አገር ግን ከሸክላው ባሻገር ገና ያልተነካ ብዙ ድምፅ አለ፤ የሚያሳስበንም ይህ ድምፅ በማን እጅና በማን ምርጫ ወደ መሣሪያው እንደሚገባ ነው።

ሳምፕለር በታሪኩ መጀመሪያ በጣም ጠባብ ነበር። ኢ-ሙ የተባለው ኩባንያ በ1987 ያወጣው ኤስፒ-1200 በጠቅላላው የሚይዘው የ10 ሴኮንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ሮጀር ሊን ለጃፓኑ ኩባንያ ለአካይ የነደፈው የ1988ቱ ኤምፒሲ60 ደግሞ መጨመሪያ ካልተገጠመለት 13 ሴኮንድ ያህል ይይዝ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት ባለሙያዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በ45 ፍጥነት አጫውተው ይቀዱና በመሣሪያው ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር። ዛሬ ይህ ችግር ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ችግሩ ያስተማረው ነገርም አብሮ የቀረ ይመስለናል። ሦስት ሰዓት ድምፅ የቀዳ ተማሪ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ማዳመጥ አለበት፤ ብዙው ደግሞ አያዳምጥም። ስለዚህ ለአንድ ሥራ ከ60 ሴኮንድ የበለጠ ድምፅ ወደ መሣሪያው እንዳይገባ አስቀድሞ መወሰን በጣም ይረዳል።

አሁን ወደ ቀረጻው እንለፍ። ቡና በሚፈላበት ቤት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ለአንድ ሙዚቃ ከበቂ በላይ ነው። ቡናው ሲታጠብ ፍሬው እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ ሲቆላ በምጣዱ ላይ ይንሿሿል፤ ቆየት ብሎም መፈንዳት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀጫው ይቀጥላል። የሙቀጫው ድምፅ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ፍሬው ገና ሙሉ ሳለ ዘነዘናው ሲያርፍበት ድምፁ ደረቅ ነው፤ ሲከካ ይሻክራል፤ እየላመ ሲሄድ ደግሞ ይታፈንና በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ከበሮ ይሆናል። ሦስቱን ለየብቻ የቀዳ ሰው ከአንድ ሙቀጫ ሦስት ከበሮ አገኘ ማለት ነው። ከጀበና ወደ ሲኒ ሲቀዳም ሲኒው እየሞላ በሄደ መጠን ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው የአየር ቦታ ያጥራል። (ቋንቋችን ቡናውንም ድምፁንም በአንድ ቃል «መቅዳት» ማለቱ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።)

ማይክሮፎኑን ከሙቀጫው አንድ ክንድ ያህል ማራቅ ይበቃል። የጅማው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጥሩ ማስቀመጫ ነው፤ ሆኖም የዘነዘናው ንዝረት በወለሉና በእንጨቱ በኩል ስለሚመጣ ከመቅጃው ሥር የታጠፈ ነጠላ ወይም ጋቢ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሞም ማንም ሳይናገር የቤቱን ጸጥታ ለ10 ሴኮንድ መቅዳት ይገባል፤ በኋላ በተቆረጡት ድምፆች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ለመሙላት የሚያገለግለው እርሱ ነው። ጅማ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ በክረምት ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከዝናብ በቀር ሌላ ነገር ለመቅዳት አይቻልም።

ከቤት ውጭ ያለው ድምፅ ወራቱን ይከተላል። በመከር ጊዜ የእሸት ቡና መፈልፈያው ይሠራል፤ ጀንፈሉ ከደረቀ በኋላ ደግሞ የመቀሸሪያው ተራ ይሆናል። የሞተሩ ድምፅ ለጊዜው የሚያስቸግር ቢመስልም ብዙውን ጊዜ በአንድ ከፍታ ላይ ጸንቶ ይቆያል። ያንን ከፍታ በክራር ፈልጎ አግኝቶ የቅኝቱ መነሻ ማድረግ ይቻላል፤ ሞተሩም በገና ከታች ሆኖ እንደሚይዝ ሁሉ መሠረት ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ መቁረጥ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ጠላት በድምፁ ፊት የሚቀረው ትንሽ ጸጥታ ነው። በደቂቃ 100 በሚመታ ሙዚቃ ውስጥ የአንድ ምት አራተኛ እጅ የሚቆየው 150 ሚሊ ሴኮንድ ነው። በሙቀጫው ድምፅ ፊት 30 ሚሊ ሴኮንድ ጸጥታ ቢቀር፣ የዚህ አንድ አምስተኛ ማለት ስለሆነ፣ መቺው ጊዜውን ጠብቆ ቢመታ እንኳ ድምፁ ዘግይቶ ይሰማል፤ ሰውየውም እጁን ይወቅሳል። በድምፁ መጨረሻ በኩል ግን መቸኮል አያስፈልግም። የሙቀጫው ማስተጋቢያ ቤቱን ይዞ ይመጣልና ቀስ በቀስ እንዲጠፋ መተው ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ፣ መሣሪያውን ከተሠራበት ልማድ ማውጣት ነው። ሳምፕለር ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው በአራት የሚቆጠር፣ በደቂቃ 120 የሚመታ ምት ነው። ይህን ሳይነካ የሚጀምር ሰው ድምፁን ከአጋሮ ቢያመጣውም ሙዚቃው የሚቆመው ሌላ ሰው አስቀድሞ በመረጠለት ምት ላይ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በተቀዳው ላይ የዘነዘናውን ምት ለ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ነው፤ 22 ከሆነ ፍጥነቱ 88 ነው ማለት ነው።

ችክችካ የምንለው ምት በ6/8 ይቆጠራል፤ ይኸውም በአንድ ዙር ስድስት እኩል ምቶች ሲኖሩ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶች «ስዊንግ» የተባለውን ማስተካከያ 66 ከመቶ ላይ በማድረግ ብቻ ይህን ያገኙት ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ስዊንግ ከሦስቱ ቦታዎች የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ይሰጣል፣ የመካከለኛው ባዶ ይቀራል። መሣሪያው 6/8 ካለው እርሱን መምረጥ ነው፤ ከሌለው 3/4 ርዝመቱ እኩል ነውና የመሣሪያውን መቁጠሪያ ድምፅ አጥፍቶ መጠቀም ይቻላል። 16 ደረጃ ብቻ ያለውን ደግሞ በ12 ላይ እንዲመለስ ማድረግ ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ መሣሪያው የሚቆጥረው ሩብ ምትን ከሆነ በሦስት ለሚከፈለው ለ88 ምት የሚጻፈው ቁጥር 132 ነው፤ 88ን በአንድ ተኩል ማባዛት ነው። ከዚህ በኋላ ዘነዘናውን በ1ኛውና በ4ኛው፣ ሲኒውን በ3ኛውና በ6ኛው፣ የምጣዱን መንሿሿት በስድስቱም ላይ አስቀምጦ ማዳመጥ ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ስለ ቅኝትም እንዲሁ ነው። መሣሪያው አንዱን ድምፅ በ16 መምቻዎቹ ላይ ሲዘረጋ በአሥራ ሁለቱ ግማሽ ድምፆች ተራ ይዘረጋዋል። ቅኝቶቻችን ግን አምስት ድምፅ ያላቸው ስለሆኑ ከየአሥራ ሁለቱ መምቻ ሰባቱ ለስሕተት ብቻ የተቀመጡ ይሆናሉ። ትዝታን የሚሻ ሰው ከመነሻው 0፣ 2፣ 4፣ 7 እና 9 ግማሽ ድምፅ እያለ መደልደል አለበት፤ አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7 እና 8 ነው፤ አንቺ ሆዬ ደግሞ 0፣ 1፣ 5፣ 6 እና 9። አምስቱ ሦስት ጊዜ ሲደጋገሙ 15 ይሆናሉ፤ የላይኛው መነሻ ሲጨመር 16 ሞላ። ገበታው ለእኛ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ልክ ይመጣል። ከዚያም ክራር ደርዳሪው ክሩን በጆሮው እንጂ በፒያኖ ልክ አያጠብቅምና፣ የግማሽ ድምፅን አንድ መቶኛ በሚያንቀሳቅሰው ማስተካከያ እያንዳንዱን መምቻ ከተቀዳው ክራር ጋር ማስማማት ይገባል። አንዱን ክር ብቻ ቀድቶ በሁሉ ላይ መዘርጋት አይመከርም፤ ድምፅ በአንድ ስምንዮሽ ሲቀጥን ርዝመቱ በግማሽ ያጥራል፣ ጠባዩም ይለወጣል። እያንዳንዱን ክር ለብቻው መቅዳት አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የቀረው የፈቃድ ነገር ነው። የተዘጋጀ ሸክላን ወይም የዘፋኝን ድምፅ በሚመለከት በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስለ ከዋኞችና ስለ ድምፅ ቅጂ አዘጋጆች መብት ይናገራል። ስለ አንዲት ሴት ሙቀጫ የሚናገረው ግን የእኛው ይሉኝታ ብቻ ነው። የጅማ አገር በመንዙማም የታወቀ ነው፤ መንዙማ ጸሎት ስለሆነ ባለቤቶቹ ቢፈቅዱ እንኳ ለጭፈራ ቆርጦ መጠቀሙን እኛ አንደግፍም። በዚህ ነገር የሚከራከሩን ጓደኞች እንዳሉ እናውቃለን።

እያንዳንዱ ድምፅ ሲቀመጥ ከተማው፣ ቀኑ፣ የማን ሙቀጫ እንደሆነና ቡናው በምን ደረጃ ላይ እንደነበረ ይጻፍበት። «ድምፅ 047» የተባለ ነገር ከወር በኋላ ማንም አያውቀውም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠውን ሥራ ስለሚያጡ በየሩብ ሰዓቱ ወደ ካርዱ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ከቤቱ ከመውጣታችንም በፊት የተቀዳውን ሁሉ ለባለቤቲቱ በማዳመጫ እናሰማለን፤ ይህ አይሁን ያሉትን እዚያው ፊታቸው እንደምስሳለን፤ የቀረውንም ቅጂ ለቤቱ ልጆች በስልካቸው እንሰጣለን።