ከወጌሻ ደጅ እስከ ጥበበ ግዮን

በጣና ዙሪያ ባሉት አገሮች፣ በዘጌም ይሁን በደራ፣ በአቸፈርም ይሁን በፎገራ፣ ከዛፍ የወደቀ እረኛ ክንዱ ቢሰበር ቤተ ሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ሐኪም ቤቱን ሳይሆን ወጌሻውን ነው፤ ይህንም ከድንቍርና የመጣ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ነገሩን ከሥሩ አልመረመረውም፤ ወጌሻው በአጥቢያው የሚኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአያቱ የወረሰ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከሁሉም በላይ «ይቈረጣል» የሚለውን አስፈሪ ቃል የማይናገር ሰው ነውና።

ሥራውንም ቀርቦ ያየ ሰው የጣቶቹን ዕውቀት ማድነቁ አይቀርም። አስቀድሞ የተጐዳውን አካል ለብ ባለ ውኃ ያጥባል፤ ቅቤ ቀብቶም በአውራ ጣቱ ከላይ ወደ ታች በዝግታ እየዳሰሰ ስብራቱን ከወለምታው፣ ወለምታውን ከውልቃቱ ይለያል፤ ከዚያም ረዳቱ ክርኑን አጥብቆ ሲይዝለት እርሱ የእጁን አንጓ ስቦ ዐጥንቱን ወደ ስፍራው ይመልሳል፤ በመጨረሻም እኩል እኩል ተሰንጥቆ በገመድ የተያያዘውን ቀርከሃ ዙሪያውን አድርጎ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስረዋል። ራጅ ሳይኖር፣ ማደንዘዣም ሳይኖር በዚህ መንገድ የዳነ ሰው በየመንደሩ አለ፤ ይህን መካድ አይገባም።

ጥፋቱ የሚመጣው ከማሰሪያው ነው። የተሰበረ አካል በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና ቀኖች ያብጣል፤ ጨርቁና ቀርከሃው ግን አብረውት አይሰፉም፤ ስለዚህ እብጠቱ መውጫ ሲያጣ በውስጥ ያለውን ጡንቻና ነርቭ ይጫናል፣ የደም ዝውውር ይቋረጣል፣ ጣቶቹም መጀመሪያ ይቀዘቅዛሉ፣ ቀጥሎ ይደነዝዛሉ፣ ኋላ ይጠቍራሉ። ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ «ዐጥንቱ እየገጠመ ነው፤ ቻለው» ይባል ይሆናል፤ ያ ልቅሶ ግን ማሰሪያው እንዲፈታለት የሚለምንበት ነው። ሐኪሞች የዚህን መጨረሻ ጋንግሪን ይሉታል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች የሕፃናት እጅና እግር ስለሚቈረጥባቸው ምክንያቶች የተጻፉ ጥናቶችም ደጋግመው ያነሡታል።

በዚህም የተነሣ በዐጥንት ሕክምና የሚሠለጥን ሬዚደንት በመጀመሪያው ዓመት ከሚማራቸው ነገሮች ሁሉ በአሠራሩ ቀላል የሆነው በመዘዙ እጅግ ከባድ ነው፤ ይኸውም ጀሶ ያሰረለትን ሕፃን ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ መጠየቅ፣ ጥፍሩን ጫን አድርጎ ለቆ የነጣው ገላ ከሁለት ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ መቅላቱን ማየት፣ የደም ሥሩን ትርታ መዳሰስ፣ ጣቱን ቀጥ ሲያደርጉለትም ከልክ ያለፈ ሥቃይ ካሰማ ሳይውል ሳያድር ጀሶውን መሰንጠቅ ነው።

በእጅ የሚሠራው ይህ ጥበብ ከመንደር ወጥቶ ጉባኤ ቤት ሲገባ ምን መልክ እንደሚይዝ ለማየት የሚሻ አንባቢ ኦስቲዮፓቲ የሚባለውን የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቢመረምር ብዙ ይጠቀማል። የዚህ ትምህርት አባት አንድሩ ቴይለር ስቲል እ.ኤ.አ. በ1828 በቨርጂኒያ ተወለደ፤ ሐኪምም ሆኖ ሳለ በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር ተነጥቆ የዘመኑ መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ሆኖ ባየው ጊዜ ልቡ ከዚያ ሕክምና ራቀ፤ በ1874 አዲሱን ሐሳቡን ገለጠ፤ ከተማ ለከተማም እየዞረ እንደ ወጌሻ ዐጥንት ሲያቀና ከቈየ በኋላ በ1892 በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሴቶችንም ገና ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ተቀበለ። የትምህርቱ መሠረት ሰው ሥጋው፣ ልቡናውና መንፈሱ የማይነጣጠሉ አንድ ፍጥረት ነው፣ አካሉም ራሱን የሚፈውስበት ኀይል ከተፈጥሮው አለው የሚል በመሆኑ በገዳማቱ አጠገብ ላደገ የጣና ዳር ሰው ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ስቲል የጠላቸውን መድኃኒቶች ተከታዮቹ ዘመኑ ሲሻሻል መልሰው ተቀበሏቸው፤ ቀዶ ሕክምናንም ጨመሩ፤ በእጅ የሚሰጠውንም ሕክምና ሁለት መቶ ሰዓት ያህል እየተማሩ ሙሉ ሐኪሞች ሆኑ። ነገር ግን መታመንን ያገኙት በብዙ ድካም ነው፤ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በሐኪምነት መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። በ1999 በታላቁ የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ወገባቸውን የሚታመሙ ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ቢመረምር፣ በእጅ የታከሙትና በተለመደው መንገድ የታከሙት እኩል ተሻላቸው፤ በእጅ የታከሙት ግን ያነሰ መድኃኒት ወሰዱ። እንዲህ ያለው ምርመራ ነው ከመቶ ዓመት ክርክር ይልቅ የረዳቸው። የሬዚደንሲ ሥልጠናቸውም ለብዙ ዘመን ለብቻው ሲመራ ኖሮ፣ በ2014 በተደረገ ስምምነትና በአምስት ዓመት ሽግግር፣ በ2020 ከሌሎቹ ሐኪሞች ሥልጠና ጋር በአንድ የዕውቅና ሥርዓት ሥር ገባ፤ መስፈርቱን ማሟላት ያልቻሉ አንዳንድ ትንንሽ ሆስፒታሎች ሥልጠናቸውን ዘጉ፤ የጥንቱን የእጅ ትምህርት ማስተማር ለሚቀጥሉት ደግሞ ልዩ ዕውቅና ተሰጣቸው። ዛሬ ከአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች ሩብ ያህሉ በዚሁ ጎዳና የሚማሩ ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከሐይቁ በስተሰሜን በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የዘመናዊው የጤና ትምህርት በኵር ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግን ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ሕክምናን ገና አላስተማረም፤ የሕክምና ትምህርቱ ኋላ ተጨምሮ፣ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሲጠለል ቈይቶ፣ በአዴት መንገድ በተሠራው በጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱን ቤት አገኘ።

ሬዚደንሲ የሚባለው ሥርዓት ለጎጃምና ለበጌምድር ሰው አዲስ ነገር ሊመስለው አይገባም። የድጓ ተማሪ ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱም ዙር አምባ ይወጣ እንደ ነበረ፣ ዛሬም ጠቅላላ ሐኪሙ አገር አቀፍ ፈተና ተፈትኖ በጤና ሚኒስቴር ምደባ መምህራኑ ወደሚገኙበት ሆስፒታል ይሄዳል፤ በዚያም ሌሊት ተረኛ እያደረ፣ ማለዳ ያደረበትን ሥራ በመምህራኑ ፊት እያስረዳ፣ ከታላቁ እየተማረ ታናሹን ኢንተርን እያስተማረ ዓመታትን ይቀመጣል፤ ስፔሻሊስት የሚለውንም መዓርግ የሚያገኘው ፈተናውን አልፎ በራሱ ድካም የሠራውን የምርምር ጽሑፍ ካስረከበ በኋላ ነው።

እንግዲህ በአንዱ ሐይቅ ዳር ሁለት የዐጥንት መምህራን አሉ፤ አንዱ በዘር የተማረ፣ ሌላው በጉባኤ የተማረ፤ የሚገናኙት ግን አብዛኛውን ጊዜ እጁ የጠቈረ ሕፃን ከአንደኛው ደጅ ወደ ሁለተኛው በሸክም ወይም በባጃጅ ሲመጣ ነው። እኔ ይህ መለወጥ አለበት ባይ ነኝ። ወጌሻውን በአዋጅ እንከልክል የሚለው ሐሳብ ሥራውን ወደ ጨለማ ከመግፋት በቀር አይረባም፤ እንዲያው «የአባቶች ጥበብ» ብሎ ማወደስም ለጠፋው እጅ መልስ አይሆንም። በዚሁ በኢትዮጵያ ለወጌሾች አጭር ኮርስ ተሰጥቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በዐጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ታትሟል፤ ከኮርሱ በኋላ በጋንግሪን የሚቈረጠው አካል በጣም ቀንሷል።

ኮርሱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ቀርከሃውን አላልቶ ማሰር፣ ጣቶቹ እንዲታዩ ክፍት መተው፣ በማግሥቱ ፈትቶ መመልከት፣ ቈዳ ቀድዶ የወጣን ዐጥንት ፈጽሞ ሳይነኩ ወደ ሆስፒታል መላክ፤ ይህን ለማስተማር ቀበሌ ድረስ የሚወርድ አንድ ሬዚደንትና አንድ ቀን ይበቃል። ያ ሬዚደንት ወጌሾቹን ከማስተማሩ በፊትና በኋላ በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን የተቈረጡትን እጆችና እግሮች መዝግቦ ቢያነጻጽር፣ መምህራኑ የሚጠይቁት የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚሁ ሥራ ይወጣለታል።